በግድግዳ የሰማሁት ደዶ

እኔ ሰው ቶሎ የማምን ሴት አይደለሁም። አዲስ ጎረቤት ሲገባ መጋረጃዬን ገለጥ አድርጌ ዕቃውን አያለሁ፤ ያመጣውን ብቻ ሳይሆን ያላመጣውንም ልብ እላለሁ። ባለቤቴ «አንቺ በደርግ ጊዜ ትልቅ ሰው ብትሆኚ ኖሮ የቀበሌ ሊቀመንበር ነበርሽ» ይለኛል። ይበል። ይህ አመል የያዘኝ በስምንት ዓመቴ ነው፤ ጅማ፣ በቾ ቦሬ፣ ኢስሃቅ የሚባል ወጣት ምሩቅ ከጎናችን ያለውን ቤት የተረከበ ጊዜ።

ጥቅምት 1970 ነበር። ሰው ከሰው ጋር ሲያወራ ግራ ቀኙን አይቶ ነው። ወንድሜ ፍስሐ ክረምት መግቢያ ላይ ከቤት ጠፍቷል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነበር፤ «ወረቀት በትኗል» ተብሎ አብዮት ጥበቃዎች እየመጡ አልጋችንን ገልብጠው ፈልገውታል። አብረውት የተፈለጉት ጓደኞቹ ተይዘው አልተመለሱም። እናቴ እታገኝ ግን «አዲስ አበባ ሥራ ፍለጋ ሄዷል፤ ጫማ ይዞልሽ ይመጣል» ብላኛለች፤ እኔም የጫማውን ቀለም መርጬ እጠብቅ ነበር።

አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ እናቴ የምታሳድገን በር ላይ ባለችው ሱቅ ነው፤ ጨው፣ ሳሙና፣ ዳቦ፣ ክብሪት፣ ላምባ ትሸጣለች። ቤታችንና የጎኑ ቤት በአንድ ቆርቆሮ ሥር ናቸው። መሃላቸው ያለው የጭቃ ግድግዳ ኮርኒሱ ጋ ሲደርስ ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጨለማ የሁለቱም ቤት የጋራ ነው። ሁለቱም ቤቶች የአዴ ሀጂራ ነበሩ። «አዴ» በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ አዴ ሀጂራ የጅማ ጥንት ሰው ናቸው፤ የትርፍ ቤት አዋጅ ሲወጣ ቤቶቹ ለቀበሌ ሆነው ለእሳቸው ከመንገዱ ማዶ ያለው አንዱ ቀረላቸው። ቢሆንም በየቀኑ መንገዱን ተሻግረው እናቴ ሱቅ በር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ። «ቤቴን ልይ መጣሁ» ይላሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው።

የጎኑ ቤት ከክረምት ጀምሮ ባዶውን ነበር። አንድ ቀን ረፋዱ ላይ የቀበሌ ሰው ቁልፉን ይዞ መጣ፤ ከኋላው ቀጠን ያለ፣ ጫማው የተወለወለ ወጣት። ከአለማያ እርሻ ኮሌጅ በዲግሪ ተመርቆ ቡና መሥሪያ ቤት የተመደበ የደዶ ልጅ ነው ተባለ። ዕቃውን አየሁ፤ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ የቆርቆሮ ሳጥን፣ ፋኖስ፣ በኮባ የታሰረ ጥቅል። አልጋ የለ፣ ወንበር የለ። ዲግሪ ያለው ሰው ወንበር ከሌለው ምን ላይ ተቀምጦ ተማረ? እዚያው ጠረጠርኩት።

ሲያልፍ አየኝና ቆም አለ። «አካም ጅርታ? ዋሪ ነጋ? ሎን ነጋ?» አለኝ፤ እንዴት ነሽ፣ ቤተሰቡ ሰላም ነው፣ ከብቱ ሰላም ነው ማለቱ ነው። እኛ ከብት የለንም። የሌለንን ከብት ደህንነት የሚጠይቅ ሰው ምን ፈልጎ ነው? ዝም አልኩት። እናቴ በዚያ ሰዓት የሱቁን በር ዘግታ ገብታ ተኛች። ራሷን ነው ያመማት ብዬ ውሃ ወሰድኩላት፤ ብርጭቆውን ሳትነካ ኮርኒሱን ታይ ነበር።

ራሷን አልነበረም ያመማት። ፍስሐ አዲስ አበባ አልሄደም። ከክረምት ጀምሮ ኮርኒሱ ላይ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እናቴ ከቁም ሳጥኑ በላይ ባለው ቀዳዳ ምግብ ታቀብለዋለች፤ እሱ በባዶው ቤት በኩል ወርዶ እግሩን ያፍታታል። በእኛ በኩል እንዳይወርድ ቤታችን ይፈተሻል፤ ደግሞ እኔ አለሁ፣ አፌ የማይያዝ። አሁን ለዚያ ባዶ ቤት ባለቤት መጣለት፤ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ። እናቴ የልጇ ሕይወት በአንድ ወጣት አፍ ላይ እንደወደቀ ገብቷታል። ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የዚያን ዕለት አመሻሹ ላይ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ። ፍራሹን ሲዘረጋ ሰማሁ። ከዚያ ከላይ እንጨት ሲጢጥ አለ። የሱ እንቅስቃሴም አብሮ ቆመ። እናቴ ከኋላዬ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች፤ እኔ አይጥ የፈራች መስሎኛል። ከዚያ ሰውዬው መናገር ጀመረ። ረጋ ብሎ፣ ከወዳጁ ጋር እንደሚጨዋወት።

«እኛ ቤት ሩቅ አይደለም» አለ። «ዳገቱን ጨርሰህ ወንዙን ስትሻገር አንድ ትልቅ ዋንዛ አለ። በግራ ነው የምትሄደው። በቀኝ ከሄድክ የቲጃኒ ውሻ ይበላሃል። እኛ ቤት ማንም መጥቶ ‹ማን ነህ› አይባልም። እናቴ ከድጃ መጀመሪያ ታበላዋለች።»

ትሻገራለህ፣ ትሄዳለህ፣ ይበላሃል። ለማን ነው የሚናገረው? ቤት ውስጥ ከሱ በቀር ወንድ የለም። ወይ እብድ ነው፣ ወይ የመገናኛ ሬዲዮ ደብቋል አልኩ። ሬዲዮውን መረጥኩ።

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ያወራል። እኔም በየምሽቱ እሰማለሁ። ደዶን አንድም ቀን ሳልረግጥ አወቅኋት። ከድጃ በር ላይ ምን ብላ እንደምትቀበል፣ ገብሱ የሚሰጣበት ጓሮ፣ ጉም ሲወርድ ላሞቹ የሚሰሙት እንጂ የማይታዩት። አንዲት ላም ነበረቻቸው፣ ቡሬ የምትባል። ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው፤ ጥጃ እያለች ጅብ ይዟት የኢስሃቅ ታናሽ ወንድም ሸኩር በጩኸት ብቻ አስጥሏታል። ሸኩር የሌለበት ወሬ የለም። ሸኩር ዛፍ ላይ ወጣ፣ ሸኩር ወተቱን ደፋ፣ ሸኩር ሳቀ።

ነገሩ ሁሉ ያጠራጥራል። ደዶ እኮ ጠዋት ተነስቶ ለምሳ የሚደረስባት አገር ናት። እዚህ ማዶ ያለን አገር ማን እንዲህ ይናፍቃል? ደግሞ ሸኩር በወሬው ውስጥ ሁልጊዜ ልጅ ነው። ‹ሸኩር አሁን ይህን ያህል አደገ፣ ይህን ያደርጋል› የሚባል ነገር የለም። ሳስበው ሳስበው አንድ ነገር ታየኝ። ገድሎታል አልኩ። ወንድሙን ገድሎ ነው ከአገሩ የሸሸው፤ ለዚያ ነው ወንበር ሳይዝ የመጣው።

አንድ ቀን ሱቅ ገብቶ ሳሙና ገዛ። አብዮት ጥበቃዎች በር ላይ ነበሩ። ሒሳቡን ከፍሎ ሲያበቃ እናቴን «እትዬ እታገኝ፣ ጣሪያው ያፈሳል ብለው እንዳያስቡ፤ አየሁት፣ ደህና ነው። ዳቦ ግን ሁለት ይስጡኝ» አላት። እናቴ ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዙራ ብዙ ቆየች። ስትዞር ዓይኗ ቀልቷል፤ ላምባው ነው አለችኝ። እኔ ግን ሁለት ዳቦ ለምን አስፈለገው ብዬ ያንንም ከጥርጣሬዬ ጋር ደመርኩት።

ከዚያ ወዲህ እናቴ ምግብ ትልክለት ጀመር። የምወስደው እኔ ነኝ፤ በር ላይ ይቀበለኛል፣ አያስገባኝም። ምስር፣ ሽሮ፣ ጎመን። ሳህኑ ተጠራርጎ ይመለሳል። የገና ዕለት እናቴ አንድ የዶሮ እግርና እንቁላል ያለበት ወጥ ሞልታ ሰጠችኝ። አመሻሹ ላይ ሳህኑን ሳመጣ አጥንቱ ብቻ ቀርቷል።

እንግዲህ ጅማ የሚኖር ሰው ይህን ለማወቅ ትልቅ መሆን የለበትም። እኛ የእስላም ሥጋ አንበላም፤ እነሱም የእኛን አይበሉም። አንድ ግቢ እንኖራለን፣ ቡናውን አብረን እንጠጣለን፣ በሐዘን አብረን እናለቅሳለን፣ ሥጋ ላይ ግን ሁሉም ወደየማጀቱ ነው። አዴ ሀጂራ እኛ ቤት በዓል ሲሆን ለብቻቸው ማርና ዳቦ ይቀርብላቸዋል። ይህ ሰው ግን ኢስሃቅ ተብሎ፣ አርብ አርብ መስጊድ እየሄደ፣ የገናን ዶሮ አጥንቱ እስኪነጣ ግጦታል! እስላምነቱም የውሸት ነው ማለት ነው። ሮጬ አዴ ሀጂራ ጆሮ ውስጥ ነገርኳቸው።

ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ ጠፋ። ሳህኑን ከእጄ ተቀብለው አጥንቱን አዩት፣ ከዚያ የሱን በር፣ ከዚያ ቀና ብለው ቆርቆሮውን። «ያ ረቢ» አሉ። ክንዴን ያዙኝ። «ኢንታላ፣ አንቺ ልጅ፣ ይህን ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም።»

«ማርያምን በይ።»

«ማርያምን።»

«ለሰው ብትናገሪ ምላስሽ ይቆስላል። ስሚኝ፣ ይኼ ሰውዬ ጆሮ ጠቢ ነው። በሩ ላይ እንዳትቆሚ። ጓደኞችሽም እንዳይቆሙ ንገሪያቸው።»

ገብተው ከእናቴ ጋር በሹክሹክታ አወሩ። የሰማሁት «ሁለተኛ ሥጋ እንዳትልኪ፣ አንቺ ሴት» የሚለውን ብቻ ነው። እናቴ ታለቅስ ነበር። በሳምንት ውስጥ ሰፈሩ በሙሉ ኢስሃቅ ጆሮ ጠቢ መሆኑን አወቀ። ሲያልፍ ወሬ ይቆማል። ሰላምታ ሲሰጥ ሰዎች ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ልጆች በሩ ላይ ትልቅ ጆሮ በከሰል ሣሉበት፤ ጆሮው ያማረው የኔ ሥራ ስለሆነ ነው።

አዴ ሀጂራ ቤታቸውን ለወሰደ መንግሥት ሠራተኛ ያሸከሙት ስም የቂም ነው ብዬ ብዙ ዓመት አስብ ነበር። አይደለም። ያንን አጥንት ሲያዩ እዚያ ቤት ውስጥ የክርስቲያን አፍ እንዳለ ገብቷቸዋል። ጆሮ ጠቢ ቤት ማንም አይገባም፣ አብዮት ጥበቃም ቢሆን የራሴ ወገን ነው ብሎ ይተወዋል። ስሙን ያወጡለት በድንገት ነው፤ ማታውኑ ግን ኢስሃቅን ራሱን አስፈቅደዋል። «ስሜን ውሰዱት፣ እዚህ ለማንም አልጠቀመም» አላቸው አሉ። ያ ልጅ በሃያ አራት ዓመቱ በአዲሱ ቤቱ ሰላም የሚለው ሰው አጥቶ ኖረ።

የሰፈሩ ጥበቃ አዛዥ ገመቹ ይባላል፤ የአሰንዳቦ ሰው፣ ድምፁ የሚያስፈራ፣ ኪሱ ግን ከረሜላ የማይጠፋው። አንድ ቀን አቀመሰኝና «ያለምወርቅ፣ በናንተና በጎረቤታችሁ መሃል ያለው ግድግዳ ስስ ነው አይደል? ምን ይሰማል?» አለኝ። የሥጋውን ነገር ለማርያም ስል ዋጥኩት። የቀረውን ግን ዘረገፍኩለት፤ ብቻውን እንደሚያወራ፣ ዋንዛውን፣ ላሚቱን። «ደግሞ ሸኩር የሚባል ወንድሙን ሳይገድለው አይቀርም» አልኩት።

ገመቹ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «የአገሩ ናፍቆት ነው፣ አንቺ! እኔም ስመጣ ሰሞን እንዲሁ አድርጎኝ ነበር።» ከዚያ ሳቁን አቋረጠና «ወንድም አለው እንዴ?» አለ።

የካቲት ውስጥ አንድ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን፣ የደዶ ሰዎች ጨዋቸውን ገዝተው መመለስ የጀመሩበት ሰዓት ነው። ገመቹ ክብሪት ሊገዛ ሱቃችን ቆሟል፤ መሣሪያው ትከሻው ላይ ነው። አዴ ሀጂራ ቦታቸው ላይ ናቸው። እናቴ ለአንድ ሰው ላምባ እየቀዳች ነው። የጎኑ በር ተከፈተና ኢስሃቅ ወጣ፤ ከኋላው አንድ የገጠር ልጅ። ኮፊያ አድርጓል፣ ቡልኮ ደርቧል፣ መንጋጋውን በነጠላ ጠቅልሎ አናቱ ላይ አስሮታል። ዓይኖቹ ብቻ ይታያሉ።

«ቁም!» አለ ገመቹ። «ማነው?»

«ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ሸኩር» አለ ኢስሃቅ። «ጥርሱን አሞት ትናንት መጥቶ ነበር። መርፌ ተወጋ፣ አሁን ወደ እናታችን ልመልሰው ነው።»

ሸኩር! አለ ማለት ነው። አልሞተም። እንዴት እንደተናደድኩ! ስንት ምሽት የለፋሁበት ግድያ ከንቱ ሆነብኝ። ዓይኔን ከኢስሃቅ ፊት ላይ አልነቀልኩም፤ ውሸቱ አሁን ይወጣል ብዬ እጠብቅ ነበር።

«ትናንት ሲገባ አላየሁትም» አለ ገመቹ።

«አንተ ምኑን ታያለህ?» አሉ አዴ ሀጂራ። «በሩን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ጥርሱን ይዞ ሲያቃስት ለሰፈሩ ተሰምቷል።»

ገመቹ አልሰማቸውም። ወደ ልጁ ተጠግቶ በኦሮምኛ ሰላምታውን ጀመረ። ገጠር ሰላምታ ረጅም ነው፤ ሰው ማን እንደሆነ የሚታወቀው እዚያ ውስጥ ነው። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ እህሉ፣ ከብቱ ሁሉ ይጠየቃል። ልጁ በጨርቁ ውስጥ ሆኖ መለሰ። ነጋ፣ ነጋ። ወንዙ ከየት ነው፣ ከወንዙ በኋላ ምን አለ? ዋንዛ። በየት በኩል? በግራ። እኔ እያንዳንዱን መልስ ከሱ ቀድሜ በልቤ እመልስ ነበር።

«ላማችሁ ማን ትባላለች?» አለ ገመቹ።

ልጁ ሊመልስ ቀና ሲል እኔን አየኝ። ዝም አለ። ገመቹ ጠበቀ። ልጁ አሁንም እኔን ያያል። ላምባው ከጠርሙሱ አልፎ የእናቴ እግር ላይ እየፈሰሰ ነው፣ እሷም አታቆመውም። የገመቹ እጅ ወደ መሣሪያው ማንገቻ ሲሄድ አየሁ። እኔ ደግሞ የማውቀውን ጥያቄ ሌላ ሰው ሲያቅተው ማየት አልችልም፤ ክፍል ውስጥም በዚህ እገረፍ ነበር።

«ቡሬ!» ብዬ ጮህኩ። «ቡሬ ናታ! ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ ነው! ጅብ ይዟት በጩኸት ያስጣልካት አንተ አይደለህ?»

ገመቹ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ ቀስ እያለ ተፈታና ያንን ሳቁን ለቀቀው። «በአላህ! ያንተን ከብት የበቾ ቦሬ ሕፃን ታውቃታለች፣ አንተ ጠፋብህ? ጥርስ እንዲህ ያደርጋል?» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኛም አሰንዳቦ ቡሬ ነበረችን» አለ። «ሂዱ፣ ሳይመሽባችሁ። ኬላው ላይ ገመቹ አይቶናል በሉ።»

ልጁ ሲያልፍ ዓይኖቹ እንባ ሞልተው ነበር። ጥርሱ ነው አልኩ፤ አዘንኩለትም።

ወንድምሽን እንዴት አላወቅሽውም ይሉኛል። እኔ የማየው ኢስሃቅን ነበር። ሲጠረጥሩ አንድ ሰው ላይ ነው የሚያፈጡት፣ ሌላው ሁሉ ያልፋል። ፍስሐ ደግሞ የላሚቱን ስም ከኔ በላይ ያውቀው ነበር። «አንቺን ሳይሽ ሁሉም ነገር ጠፋኝ» ብሎኛል። «ቁመትሽ ጨምሮ ነበር።»

ኢስሃቅ ቅዳሜ ብቻውን ተመለሰ። አመሻሹ ላይ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ፤ ምንም የለም። በማግስቱም የለም። ደዶ አለቀች። ይኼኔ በእርግጥ ገድሎታል አልኩ፣ ግን ከጥርጣሬው ይልቅ የከፋኝ ወሬው መቅረቱ ነው። ክረምት ሲመጣ ወደ ምሥራቅ ተዛወረ። ፍራሹን ተሸክሞ ሲወጣ እንደ መጀመሪያው ቀን ቆም ብሎ «አካም ጅርታ? ዋሪ ነጋ? ሎን ነጋ?» አለኝ። ፊቴን አዞርኩበት። ከሰፈሩ አንድ ሰው አልሸኘውም፤ እናቴ እንኳ ልጇ ገና አደጋ ላይ ስለነበር ከሱቁ ሆና በዓይኗ ብቻ ሸኘችው።

ፍስሐ ከአራት ዓመት በኋላ ፀጥታው ሲረግብ ከደዶ መጣ። ጫማ ይዞልኝ ነበር፤ እኔ በመረጥኩት ቀለም፣ ለስምንት ዓመት ልጅ እግር የሚሆን። ሁሉንም ነገር ያን ዕለት ነገረኝ።

ከድጃ ያረፉት በ1995 ነው። ፍስሐና እኔ ለለቅሶ ሄድን። ዳገቱን ጨርሰን ወንዙን ስንሻገር እኔ ቀድሜ ነበር፤ ሳልጠይቅ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ወንድሜ ቆመና «መቼ መጥተሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ዋንዛው ሥር በድንጋይ የተከበበች ትንሽ መቃብር ነበረች። የማን እንደሆነች ጠየቅሁት።

«የሸኩር» አለኝ።

ኢስሃቅ አለማያ እያለ ልጁን ወባ ገድሎታል። ስለዚህ ሕፃኗ እኔ በአንድ ነገር አልተሳሳትኩም፤ ሸኩር ሞቷል። ያን ሐሙስ አመሻሹ ላይ ከድጃ በር ላይ ወጥተው መንጋጋውን የታሰረውን የሰው ልጅ አይተው «ሸኩር፣ መጣህ?» አሉት። ጎረቤቶች ሰምተዋል። መቃብሩን የቆፈሩት ሰዎችም ከመሃላቸው ነበሩ። በማግስቱ ቲጃኒ ውሻውን ይዞለት «ሸኩር፣ አካም ጅርታ?» አለው። አራት ዓመት ሙሉ ከዚያ መንደር አንድም ሰው በሌላ ስም አልጠራውም።

ኢስሃቅ በለቅሶው ድንኳን በር ላይ ቆሟል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፣ ጫማው ያው የተወለወለ ነው። አወቀኝ። እንደ ድሮው ቆም አለ።

«አካም ጅርታ፣ ያለምወርቅ? ዋሪ ነጋ? ሎን ነጋ?»

ሃያ አምስት ዓመት የዘገየውን መልስ ሰጠሁት። «ነጋ» አልኩት። «ነጋ ነው፣ ጋሼ ኢስሃቅ። ዋሪ ነጋ?» አንድ ቀረኝ። «ቡሬስ?»

«ቡሬ ከሞተች ቆየች» አለኝ። «ዘሮቿ ግን አሉ። ነይ ላሳይሽ።»

ጓሮ ወሰደኝ። ገብሱ የሚሰጣበት ቦታ ላይ አንዲት ቡሬ ጥጃ ታስራለች። «የሷ ዘር ናት» አለ። እኔ እንግዲህ ሰው ቶሎ አላምንም ብያለሁ፤ ተጠግቼ ግራ ጆሮዋን ይዤ አገላብጬ አየሁት። ደህና ነው። ኢስሃቅ ሳቀ፤ እኔ ግን ጆሮዋን እንደያዝኩ አለቀስኩ።